የሀብታም እስር በስንት ቀን ይቆጠራል?

(በሳተላይት ቴሌቪዥን ከቀረበው ሳምንታዊ ትንታኔ በጽሑፍ የተገለበጠ)



ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ "ሊትል ኢትዮጵያ" በምንላት ሰፈራችን ቡና ይዘን ተቀምጠን ነበር። ወሬው እንደ ሰሞኑ ሁሉ የጄፍሪ ኤፕስቲን ነገር ነው። አንዱ "ሀብታም አሜሪካ ውስጥም አይታሰርም" ይላል፤ ሌላው "ይታሰራል፣ ግን እንግዳ ሆኖ ነው የሚታሰረው" ይላል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ የታክሲ ሾፌር ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ "እኔ በታገደ መንጃ ፈቃድ ነድተሃል ተብዬ ስታሰር ስንት ቀን ታሰረ ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ አልነበረም" አሉ። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ሄዶ ንግግራቸው አብሮኝ ቀረ፤ ዛሬ የማነሳውም ከዚያው የመጣ ነው።

የጋሼ ጥፋት እዚህ አገር ታክሲና የኪራይ መኪና ለነዳ ሐበሻ አዲስ አይደለም። የትራፊክ ቅጣት ወረቀት መጣ፤ የቤት ኪራይ ይቀድማል ተብሎ ሳይከፈል ቆየ፤ በቅጣቱ ላይ ሌላ ቅጣት ተደመረ፤ መንጃ ፈቃዱ ታገደ። መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ሾፌር ደግሞ ወይ ልጆቹን አያበላም ወይ ይነዳል። ነዱ፤ ተያዙ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የሕግ ተሟጋቾች ሪፖርት በካሊፎርኒያ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ቅጣት ባለመክፈል ወይም ቀጠሮ ባለማክበር መንጃ ፈቃዳቸው እንደታገደ አሳይቶ ነበር። ቅጣት አልከፈለም ተብሎ መንጃ ፈቃድ ማገድ የቀረው በ2017 ነው።

አሁን እዚሁ ከተማ፣ በታገደ መንጃ ፈቃድ በመንዳት የታሰረች አንዲት የባለጸጋ ልጅ ላስታውሳችሁ፤ ፓሪስ ሂልተንን። አዲስ አበባ ላላችሁ ሂልተን ማን እንደሆነ ለማስረዳት አልደክምም። የሆቴሎቹ መሥራች የኮንራድ ሂልተን የልጅ ልጅ ልጅ ናት። በመስከረም 2006 ጠጥታ ስትነዳ ተያዘች። መንጃ ፈቃዷ ታገደ፤ በሚቀጥለው ጥር የሦስት ዓመት ገደብና የገንዘብ ቅጣት ተፈረደባት። ከዚያ በኋላ ስትነዳ ተያዘች፤ እንደገናም ተያዘች። ግንቦት 4 ቀን 2007 ዳኛ ማይክል ሳወር የገደቡን ሁኔታ ጥሰሻል ብለው የ45 ቀን እስራት ፈረዱባት። ዳኛው ነገሩ ወዴት ሊሄድ እንደሚችል የገመቱ ይመስለኛል፤ ቤቷ ተቀምጣ በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ቅጣቷን መፈጸም እንደማትችል በውሳኔያቸው ላይ ለይተው አስፍረዋል። (የጠራኋቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰኔ 3 ሌሊት ሊንዉድ ወደሚገኘው የሴቶች እስር ቤት ገባች። ሰኔ 7 ጠዋት ወጣች። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ሸሪፍ ሊ ባካ፣ ምንነቱ ባልተገለጸ "የጤና ምክንያት"፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ መቆጣጠሪያ አስረው ወደ ቤቷ ሰደዷት። ዳኛው አይሆንም ብለው የጻፉት ነገር ራሱ ማለት ነው።

ከተማው በአንድ እግሩ ቆመ። ጋዜጠኞች ሸሪፉን ወጥረው ያዙ፦ ምን ዓይነት ሕመም ነው? የዳኛን ትእዛዝ የሚሽር ሥልጣን ከየት መጣ? እስር ቤቱ ውስጥ በእንዲህ ያለ ሕመም የሚሰቃዩት ሌሎቹ ሴቶችስ መቼ ነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት? የልጅቷ አያት ባሮን ሂልተን ለሸሪፉ የምርጫ ዘመቻ 1,000 ዶላር መለገሳቸውንም የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጠኞች ከመዝገብ አውጥተው ጻፉ። የከተማው ዐቃቤ ሕግ ሮኪ ዴልጋዲዮ ለፍርድ ቤቱ አቤት አሉ። በማግስቱ ልጅቷ በካቴና ታስራ በሸሪፉ መኪና ችሎት ቀረበች፤ ዳኛ ሳወር ተመለሺ አሏት፤ እናቷን እየተጣራች ወጣች።

ሸሪፉ የሰጡት መልስ በጊዜው ማንንም አላሳመነም። እስር ቤቶቻችን ከመጠን በላይ ሞልተዋል፤ በእንዲህ ያለ ጥፋት የሚገቡ ሰዎችን ከጥቂት ቀን በላይ አናቆይም፤ ይህችኛዋ ዝነኛ በመሆኗ ተጎዳች እንጂ አልተጠቀመችም፤ ይህን የመሰለ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ከሰሙት ሰዎች አንዱ ነኝ፤ በፌዝ ነበር የሰማሁት። የፖለቲካ ሳይንስ ተምሬያለሁ፣ ሥልጣንና ገንዘብ እንዴት እንደሚተዛዘሉ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። "ይኸው አሜሪካ!" ብዬ ለስንት ሰው እንደተረክሁ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ምክንያቱም በዚያው ሳምንት ጋዜጣው ሌላ ሥራ ሠራ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ዋናው ነገር እሱ ነውና። ጋዜጠኞቹ ከሸሪፉ መሥሪያ ቤት ሁለት ሚሊዮን ያህል የእስረኛ መፈታት መዝገቦችን መረመሩ። ከእነዚህ መካከል ከሐምሌ 2002 ጀምሮ እንደ ልጅቷ ጠጥተው ሲነዱ ተይዘው፣ በኋላ ገደብ በመጣስ ወይም ያለ መንጃ ፈቃድ በመንዳት የታሰሩ 1,500 ሰዎችን ለዩ። የእያንዳንዱን ሰው የእስር ቀን ቆጠሩ። ውጤቱ እኔን የመሰለውን ተራች ሁሉ አፉን የሚያስይዝ ሆነ። ልጅቷ በአራት ቀኗ ወጥታ ብትቀር ኖሮ እስሯ ከ60 በመቶዎቹ ጋር የሚመሳሰል ነበር። 23 ቀን ስትቀመጥ ግን ከ80 በመቶዎቹ የበለጠ ታስራለች። ሸሪፉ በዚህች ነገር እውነታቸውን ነበር!

ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር ማንንም ነጻ አላወጣም። የቀኑን ርዝመት በተመለከተ አድልዎ አልተደረገላትም፤ የወጣችበትን በር በተመለከተ ግን ጥያቄው አሁንም ጥያቄ ነው። ሌሎቹ በአራትና በአምስት ቀን የወጡት እስር ቤቱ ስለ ጠበበ ነው፤ እሷ የወጣችው ለይቶ በከለከለ የዳኛ ትእዛዝ ላይ፣ ስሙ ባልተነገረ ሕመም ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለት ነገር መሆናቸውን ያወቅነውም የተቀመጠ መዝገብ ስለነበረ፣ መዝገቡን አምጡ የሚል ጋዜጠኛ ስለነበረና የመሥሪያ ቤቱ በር ስለተከፈተለት ነው። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ሁላችንም እስከ ዛሬ በቡና ላይ እንጨቃጨቅ ነበር።

አንድ ነገር በጎን ልበል። ጋዜጠኞቹ ሀብታሟን ካስመለሱ በኋላ ካሜራቸውን አልሰበሰቡም። ልጅቷ ትመለስ ብለው አቤት ያሉት ዐቃቤ ሕግ ራሳቸው ተጠየቁ፤ ባለቤታቸው በታገደ መንጃ ፈቃድ የከተማውን መኪና ነድተው አጋጭተው፣ ጥገናው በሕዝብ ገንዘብ ተከፍሎ ተገኘ። ዴልጋዲዮ ገንዘቡን መልሰው ይቅርታ ጠየቁ። ሸሪፍ ባካም ከዓመታት በኋላ በእስረኞች ድብደባ ላይ ይደረግ የነበረውን የፌዴራል ምርመራ በማደናቀፍ ተከሰሱ። በ2016 ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተደራድረው ከስድስት ወር የማይበልጥ እስር ተስማሙ፤ ዳኛ ፐርሲ አንደርሰን ግን ይህ ቅጣት ጥፋቱን ያቃልላል ብለው ስምምነቱን ጣሉት። በ2017 ጥፋተኛ ተባሉና ሦስት ዓመት ተፈረደባቸው። ሀብታም ያስወጡት ሸሪፍ ራሳቸው እስረኛ ሆኑ።

ታዲያ የሀብታም ልዩ እስር የለም ማለት ነው? አለ እንጂ፤ እኛ የፈለግነው ቦታ ላይ አልነበረም እንጂ። ሎስ አንጀለስ ታይምስ ማርሻል ፕሮጀክት ከተባለው የዜና ተቋም ጋር ሆኖ በ2017 ያወጣውን ምርመራ ያነበባችሁ ታስታውሱታላችሁ። በሎስ አንጀለስና በኦሬንጅ ካውንቲ ቢያንስ 26 የትናንሽ ከተሞች እስር ቤቶች አልጋ ያከራዩ ነበር። አባባሌን ለማሳመር አይደለም፤ በእርግጥ ያከራዩ ነበር። ዳኛው ከፈቀደ፣ ተፈራጁ ወደ ትልቁ የካውንቲ እስር ቤት በመሄድ ፈንታ በቀን እየከፈለ ጸጥ ባለ፣ ንጹሕ፣ ቴሌቪዥን ባለበት ክፍል ቅጣቱን ይጨርስ ነበር። ሲል ቢች በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ ዋጋው በሌሊት 100 ዶላር ነበር። ከ2011 እስከ 2015 ከ3,500 በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ ታስረዋል። አብዛኞቹ ጥፋታቸው ቀላል ነው፤ ጠጥቶ መንዳትና የመሳሰለው። ከ160 በላይ የሚሆኑት ግን በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ናቸው፦ ዘረፋ፣ ድብደባ፣ በሴትና በሕፃን ላይ የተፈጸመ የወሲብ ጥቃት።

አንዱ ሰው በወሲብ ጥቃት ተፈርዶበት ስድስት ወር ሲል ቢች ተቀምጦ 18,250 ዶላር ከፍሎ ወጥቷል። ይህን ገንዘብ ጋሼ በስንት ወር ነድተው እንደሚያገኙት እናንተ አስሉት። ማንም ሕግ አልጣሰም። ጉቦ የለም፣ ስልክ የደወለ ባለሥልጣን የለም፣ ያለቀሰች ሀብታም የለችም። ደረሰኝ ተቆርጦለት የተሸጠ ምሕረት ነው። ካሜራዎቹ ሁሉ ሊንዉድ በር ላይ ተኮልኩለው በነበሩበት ሰዓት እውነተኛው የሀብታም በር ሌላ ቦታ በሰላም ይከፈትና ይዘጋ ነበር።

የኤፕስቲን ጉዳይ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ የተደበቀ ነው። በ2007 ፍሎሪዳ ውስጥ የፌዴራል ዐቃቤያነ ሕግ ላለመክሰስ ተስማሙለት። ስምምነቱ ተባባሪ ሊሆኑ የሚችሉ ሌሎች ሰዎችንም ጭምር ከክስ የሚያድን ነበር። በክልሉ ፍርድ ቤት በተቀበለው ጥፋት 18 ወር ተፈርዶበት 13 ወር ገደማ ቆየ፤ ያውም በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን እስከ 12 ሰዓት ቢሮው እየዋለ። ተበዳዮቹ ልጃገረዶች ስለ ስምምነቱ አልተነገራቸውም። ፓልም ቢች ፖስት የተባለው ጋዜጣ በ2009 ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራክሮ ወረቀቱን አስከፈተ። ያ ወረቀት ከተከፈተ በኋላም ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በኅዳር 2018 የማያሚ ሄራልዷ ጁሊ ብራውን 80 ያህል ተበዳዮችን ለይታ፣ ለመናገር የደፈሩትን አናግራ ጻፈች። በየካቲት 2019 አንድ የፌዴራል ዳኛ ዐቃቤያነ ሕጉ የተበዳዮችን መብት ጥሰዋል ብለው ወሰኑ። በሐምሌ ሰውዬው እንደገና ታሰረ፤ ስምምነቱን የመሩትና በኋላ የሠራተኛ ሚኒስትር የሆኑት አሌክሳንደር አኮስታ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ነሐሴ 10 ቀን ኤፕስቲን እስር ቤት ውስጥ ሞተ። የተበዳዮቹ ጥያቄ በችሎት ሳይመለስ ቀረ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ።

"በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" የሚል ሕዝብ ልጆች ነን። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ "በሕግ አምላክ!" ካለው ሌላው በቆመበት የሚቆምበት አገር ነበረን። ያቆመው ፖሊስ አይደለም፤ ቃሉ ነው። ከዚህ ተነስተን የት ደረስን?

በ1993 ዓ.ም. አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብለው አዘዙ። አቶ ስዬ ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ተመልሰው ተያዙ፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና የለውም የሚል አዋጅም በጥድፊያ ወጣ። ይህ ለአንድ ሰው መላላት ሳይሆን ለአንድ ሰው መጥበቅ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን በሽታው አንድ ነው፤ ሕጉ በሰውዬው ልክ ተሰፋ። ለአንዱ ማጥበብ የቻለ መርፌ ለሌላው ማስፋት አያቅተውም።

በግንቦት 2005 ዓ.ም. ደግሞ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የነበሩት አቶ መላኩ ፈንታ ከሌሎች ባለሥልጣናትና ከታወቁ ነጋዴዎች ጋር ታሰሩ። በሕዝብ ቴሌቪዥን የተነገረውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የግብርና የቀረጥ ገንዘብ ነበር ነገሩ፤ ከሱቅ ጠባቂው ጀምሮ የሁሉም ሰው ገንዘብ። ክርክሩ አምስት ዓመት ያህል ተጓተተ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ክሱ ተቋረጠና ወጡ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ አቶ መላኩ የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጌ ልናገር። በተቋረጠው ክስ አቶ መላኩን ጥፋተኛ ነህ ያላቸው ፍርድ ቤት የለም፤ እኔም አልልም። በተቋረጠው ክስ ንጹሕ ነህ ብሎ ያሰናበታቸውም ፍርድ ቤት የለም። ንጹሕ ከሆኑ አምስት ዓመት ዕድሜያቸውን የወሰደባቸው ሰው አለ፤ ማነው? ጥፋት ካለ ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ የት ገባ? አብረዋቸው የተከሰሱት ነጋዴዎችስ? ባለሀብት ስለሆኑ ተለቀቁ የሚል ሰው በምን ያረጋግጣል? አይደለም የሚለውስ በምን ይከራከራል? ክስ ማቋረጥ በሕጋችን የተፈቀደ ነው። እኔ የምጠይቀው ስለ ምክንያቱ ነው። ለእያንዳንዱ ተከሳሽ፣ ለየብቻው፣ ለምን?

ያን ጊዜ እኛ ጋዜጠኞች ምን አደረግን? የእኛንም ጣቢያ ጨምሬ ነው የምናገረው። ሰውዬውን የምንወድ "ጀግናው ተፈታ" አልን፤ የምንጠላ "ሌባው አመለጠ" አልን። ስማቸውን እንጂ መዝገባቸውን የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ስንት የሙስና ክስ ተቋረጠ? ከተቋረጠላቸው ውስጥ ስንቱ ባለሀብት፣ ስንቱ የጉምሩክ ጣቢያ ጸሐፊና የመጋዘን ሠራተኛ ነው? በሁለትና በሦስት ሺህ ብር ተከሶ፣ ጠበቃ አጥቶ፣ ተፈርዶበት ቅጣቱን የጨረሰው ስንት ነው? ይህን ቁጥር ያስቀመጠልን የለም፤ አምጡ ብለን በር ያንኳኳንም እኛ አይደለንም። ሕጉ ግን ነበረ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ፕሬስ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድል እንዳለው ይናገራል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ የመጠየቅን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። ሕጉ ተጽፏል።

በእርግጥ አገር ቤት ያሉ ባልደረቦቼን በዚህ ልወቅስ አልችልም። እኔ ፌርፋክስ ላይ ቁጭ ብዬ መጠየቅ ቀላል ነው፤ ማታ ቤቴ እገባለሁ። እዚያ ግን ጠያቂው ራሱ ተከሳሽ ሲሆን አይተናል። እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈርዶበት ስድስት ዓመት ከምናምን ታስሮ የወጣው በየካቲት 2010 ነው፤ ባለሥልጣኑና ነጋዴዎቹ ከመውጣታቸው ሦስት ወር ቀደም ብሎ። የጻፈውም የተከሰሰውም በአንድ በጋ በአንድ ብዕር ተለቀቁ። ለሁለቱም ደስ ብሎኛል፤ ሰው ከእስር ሲወጣ ደስ አይለኝም አልልም። ግን ያኛው ለምን እንደታሰረ፣ ይህኛው ለምን እንደተፈታ አንድ ገጽ የተጻፈ ነገር አሳዩኝ ብል የሚያሳየኝ ማነው?

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠራችሁ፣ ዐቃቤ ሕግ የነበራችሁ፣ በዚያ ዘመን የጉምሩክ ክሶችን የተከታተላችሁ ጠበቆች ይህን ፕሮግራም እንደምትከታተሉ አውቃለሁ፤ ደብዳቤዎቻችሁ ይደርሱኛልና። ስም አልፈልግም፤ የማንንም ገመና አልፈልግም። የምፈልገው ቁጥር ነው። ስንት መዝገብ፣ በምን ክስ፣ ስንት ቀን እስር፣ በምን ምክንያት ተዘጋ። በእጃችሁ ያለውን ላኩልኝ፤ እኛም እዚህ ተቀምጠን እንቆጥራለን። ሁለት ሚሊዮን ባይሆን ሁለት መቶ እንጀምር። ውጤቱ እኔ የጠረጠርኩትን ሐሰት ካደረገው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተሳስቼ ነበር እላለሁ፤ በፓሪስ ሂልተን አንድ ጊዜ ለምጄዋለሁ።

ሰዓቴ አልቋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጋሼ ያን ዕለት ከተናገሩ በኋላ እኛ ሳቅን፤ ሒሳብ ተከፈለ፤ ተለያየን። ስንት ቀን እንደታሰሩ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ከዚህ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ፌርፋክስ ነው የምሄደው፤ በዚህ ሰዓት መኪናቸውን አቁመው እዚያው ቡና ላይ አይጠፉም።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።